ምስጥ ያልነካው ቀፎ

ኅዳር 17 ቀን 1987 ዓ.ም.
አቦቦ አጠገብ፣ ከመንደራችን

ይድረስ ለአባዬ፣

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህን የምጽፍልህ ለእማዬ ሳልነግራት መሆኑን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። እስከ ዛሬ የደረሱህን ደብዳቤዎች የጻፍኳቸው እኔ ብሆንም ቃሉ የእሷ ነበር። «ሁላችንም ደህና ነን በይው» ትለኛለች፣ እጽፋለሁ። «ዝናቡ ጥሩ ነው በይው» ትለኛለች፣ ባይዘንብም እጽፋለሁ። የራሴን ቃል ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ነገሩ ቢዘባረቅብኝ አትታዘበኝ። እሷ በቆሎውን ከጦጣ ልትጠብቅ ወርዳለች። የጓደኛዬ የከይሪያ አጎት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ መንገድ ስለሚጀምር ሳትመለስ ጨርሼ ለከይሪያ ማድረስ አለብኝ።

በእኛ አትስጋ፣ ሁለታችንም ጤነኞች ነን። ግን በጣም ደንግጫለሁ። 

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ ትተኸው በሄድከው ቀፎ ውስጥ ያስገባናቸው ንቦች ባደሩበት አለቁ። ገደለቻቸው የተባለችው አባንግ ናት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከመንደራችን ፓምፕ ውሃ እንዳትቀዳ፣ ወደ መንደሩም ዝር እንዳትል ሊወስኑባት ነው። እሷ ግን አልገደለችም። ማን እንደገደላቸው ትናንት አወቅሁ።

አባንግን አትረሳትም። ከአልዌሮ ወንዝ ዓሣ እያመጣች በእኛ በርበሬ የምትለውጠው፣ ከደጇ ማንጎ ሥር የትምባሆ ጋያዋን ይዛ የምትቀመጠው፣ የአገሬው ሴት ሆና በአማርኛችን ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» የምትለው አባንግ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከሁሉም ይልቅ እኛ ቤት የምትመጣው እሷ ናት። ሰው ሁሉ «ይህች ልጅ ምነው ዝም አለች» ሲለኝ፣ እሷ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ እሷም ዝም ትላለች። ስለዚህ ከእሷ ጋር መሆን ይቀለኛል።

ክረምቱ እንዳለቀ ጋሽ ከፈለ ከግብርና ቢሮ የንብ ሥልጠና ወስዶ መጣ። ሰርተፍኬቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ላላየው ሰው ያሳየዋል፣ ላየውም ይደግምለታል። አንድ ቀን ጓሯችን ገብቶ የቀፎውን ሳጥኖች ሲያይ ቆመ።

«ሺታዬ፣ ወርቅ ላይ ተቀምጠሽ ነው እንዴ የምትራቢው?» አላት እማዬን።

«የምን ወርቅ? ፈረንጆቹ ፕሮጀክታቸውን ዘግተው ሲሄዱ የጣሉት፣ ባሌ ያመጣው አሮጌ ቀፎ ነው። ውስጡ የነበረው ንብ እንኳ ሞቶ ነበር።»

«አሮጌ ቀፎ የሚፈራው ከነበሽታው ሲሆን ነው። ከተፋቀ፣ ከታጠበ፣ በእሳት ከተለበለበ ከአዲሱ በምን ያንሳል?»

እማዬ ትንሽ አመነታች። ያኔ ለምን እንዳመነታች አላወቅሁም ነበር።

ሳጥኖቹን ከነበሩበት ስናነሳ ሁላችንም ተገረምን። ምስጡን ታውቀዋለህ። የጎተራችንን እግር በልቶ ያጋደመው እሱ ነው። የእማዬንም አልጋ ሁለት ጊዜ ጨርሶታል። እነዚያ ሳጥኖች ግን ባዶ መሬት ላይ ሁለት ክረምት ከርመው አንድ ማዕዘናቸው እንኳ አልተነካም። ከሥራቸው ጉንዳን አልወጣ፣ ሸረሪት አልወጣ። ጋሽ ከፈለ ጣውላውን በጣቱ አንኳኳና «ምን ዓይነት ግንድ ቢሆን ነው?» አለ። እማዬ ደግሞ «ወንዳፍራሽ እጁን ያሳረፈበትን ምስጥ ይፈራዋል» ብላ ሳቀች። ስምህን ጠርታ ስትስቅ ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ እኔም ደስ አለኝ። እንዳንተ ያለ ሰው የለም ብዬ አሰብኩ።

ሥራውን የሠራነው እኔና ጋሽ ከፈለ ነን። እሱ ያወራል፣ እኔ እፍቃለሁ። የንብ ሙጫው ማዕዘን ማዕዘኑን ይዞ እንደ ድንጋይ ደርቋል። በተሰበረ ገጀራ ጫፍ እየፈለፈልኩ አወጣሁት። በፍሬሞቹ ላይ የቀረው የማር እንጀራ ጠቁሮ፣ የሰም ትሎቹም ከነድራቸው በላዩ ላይ ደርቀው ነበር። ፍቅፋቂው መሬት ሲወርድ ዶሮዎቻችን እየተሻሙ ለቀሙት። ከዚያ በበርሜል የአመድ ውሃ አፍልተን ፍሬሞቹን ነከርናቸው፤ ሳጥኖቹንም በዚያው ትኩስ ውሃ በቃጫ አሸናቸው። ፀሐይ ላይ ከደረቁ በኋላ ጋሽ ከፈለ የደረቀ ሣር ጠምዝዞ አቀጣጠለና ውስጣቸውን ለበለበው። «ጣውላው የዳቦ ቅርፊት ሲመስል በሽታው ሞቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ግን ቀፎ መሆኑ ቀርቶ ማገዶ ይሆናል» ይላል።

ጭሱ ሌላ ጭስ ነበር። ጉሮሮ ይይዛል። ጋሽ ከፈለ ሳጥኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቆይቶ ድንገት ወደ አጥሩ ዞሮ አስመለሰው። አፉን እየጠረገ «የአሮጌ ሰም ጭስ ነው፤ ሥልጠናው ላይም ነግረውናል» አለኝ። ነግረውት እንደሆነ እንጃ። እኔንም ራሴን አዞረኝ።

በማግስቱ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ጓሮው ላይ ተኝተው አገኘናቸው። ፈንግል ገባ ተባለ። እማዬ ሰብስባ ቀበረቻቸው። ሌላ ጊዜ ፈንግል የገደለውን ለውሻ ነበር የምትጥለው።

ሳጥኖቹ ለብዙ ቀን ፀሐይ ላይ ዋሉ። ባለፈው ማክሰኞ አባንግ ጀሪካኗን በራሷ እንደተሸከመች አጥራችን ጋ መጥታ ጠራችኝ።

«አንተ እሙዬ፣ ንብ መጣ። ማንጎ ላይ ቁጭ አለ፣ ብዙ። ሳጥን ደረቀ?»

«ደርቋል።»

«አባትህ ቤት ሠራ፣ የሚኖር ሰው ረሳ። እኔ ሰው አመጣሁ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ቀልዱ ቆጠቆጠኝ፤ እሷ ግን ለክፋት አላለችውም።

መንጋውን በነጻ ነው የሰጠችን። ቤቷ ላይ የመጣ ንብ የእሷ ነው፤ ልትሸጠው ትችል ነበር። ከወንዙ ዳር የቀጠፈችውን ቅጠል ይዛ መጥታ በሁለት እጇ እያሸች የሳጥኑን ውስጥ ቀባችው። «ጎግ፣ አባቴ ቤት፣ እንዲህ ነው። ሽታ ከወደደ ንብ ይቀመጣል» አለች። እኔም አጠገቧ ሆኜ አሸሁ። እጄ ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ። በዚያው እጄ እራቴን በላሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ከፈለ የፊት መሸፈኛውን አጥልቆ መንጋውን ከማንጎው በጆንያ አምጥቶ ሳጥኑ ፊት በተዘረጋ ነጠላ ላይ አራገፈው። ንቦቹ ይበራሉ ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን በእግራቸው እየሄዱ፣ ድግስ እንደተጠራ ሰው ተከታትለው ወደ ሳጥኑ ገቡ። አውራዋንም አየኋት፤ ረዘም ያለች፣ ቀላ ያለች ናት። አባዬ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ ሰማኋቸው። ለፋሲካ ማር ልልክልህ አስቤ፣ በምን ዕቃ እንደምልከው ሁሉ አስቤ ነበር።

ጠዋት ስሄድ ድምፅ የለም። ገና አልነቁም ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ወደ መሬት ሳይ ከሳጥኑ አፍ ጀምሮ ሣሩ ጠቁሯል። ሣር መስሎኝ የረገጥኩት ንብ ነበር። አንዳንዶቹ ገና አልሞቱም፤ በጀርባቸው ተኝተው ይሽከረከራሉ። ምላሳቸውን አውጥተዋል። ንብ ምላስ እንዳላት እንኳ ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ታች ተቆልለዋል፣ በእፍኝ የሚታፈሱ ያህል። አውራዋን ፈልጌ አላገኘኋትም። እዚያው ቁጭ አልኩ። እማዬ እየጠራችኝ መጥታ እዚያው አገኘችኝ።

ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ከፈለ ሳጥኑን አየ፣ አሸተተ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ሰርተፍኬቱን ያየ ሰው ሁሉ እዚያ ቆሟል። አንዱ «ይሄ ነው ሥልጠናው?» አለውና ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ ነው «ቅጠሉ ነው» ያለው። «እኔ አጥቤያለሁ፣ ለብልቤያለሁ። በሥልጠናው የሌለ ነገር የገባበት ቅጠሉ ብቻ ነው።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ክልል ከሆንን ወዲህ ሰው እንዴት እንደሆነ አንተ አላየህም። ድሮ አብሮ ዓሣ ሲበላ የነበረ ሰው አሁን ሰፋሪና የአገሬው ተወላጅ ተባብሎ «እነሱ» እና «እኛ» ይላል። አንዱ «ያን ማንጎ ያለበትን መሬት ስለጠየቅናት ነው» አለ። ሌላው «ዛሬ ንቡን፣ ነገ ፓምፑን» አለ። አባንግ እዚያው ጋያዋን ይዛ ቆማ ነበር።

«ንብ የኔ ነበረ» አለች። «የኔን ለምን ልግደል?»

«ስትሰጪ ዓይንሽንም አብረሽ ነው የሰጠሽው» አላት ጋሽ ከፈለ።

«ዓይን እዚህ አለ» አለች፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን በጣቷ እያሳየች። «አልሰጠሁም።»

ማንም አልሳቀም። እሷ ዞራ ሄደች። እኔ ቅጠሉን አብሬ እንዳሸሁ ልናገር ፈልጌ ነበር። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቃለህ፤ ትምህርት ቤት እንኳ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር።

ትናንት ከእማዬ ጋር በቆሎ ስንፈለፍል ነው የተናገርኩት። «እማዬ፣ ቅጠሉ እኮ መርዝ አይደለም። እኔም አሽቼዋለሁ። በዚያው እጄ እራቴን በልቻለሁ» አልኳት።

እጇ ቆመ። 

«ቅጠሉ አይደለም» አለችኝ።

«ታዲያ ምንድነው?»

«አባትሽ ነው።»

አልገባኝም። አንተ ወሎ ነህ፤ እንዴት አባቴ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ዓይኔን ሳታይ ነገረችኝ። በምትሄድበት ሳምንት፣ የጥጥ እርሻው ሲበተን ከመጋዘኑ ያወጣኸውን የትል መድኃኒት በብሩሽ ሳጥኖቹን ከውስጥም ከውጭም ቀብተሃቸው፣ ሲደርቅም ደግመህ ቀባሃቸው። «ጥጡን ከትል ካዳነ ሰሙንም ያድናል፤ ስመለስ እንደነበሩ አገኛቸዋለሁ» አልካት። ጣሳውንም መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣልከው። ለዚህ ነው ለካ ምስጡ ያልነካው። ዶሮዎቹም በፈንግል አልሞቱም። ጋሽ ከፈለንም ያስመለሰው የአሮጌ ሰም ጭስ አልነበረም።

«እያወቅሽ ንቦቹን ስናስገባ ዝም አልሽ?» አልኳት። እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም።

«ዶሮዎቹ ሲሞቱ ጠረጠርኩ። ታጥቧል፣ ተለብልቧል፣ ምን ይቀርበታል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።»

«አባንግን ሲወነጅሏትስ?»

«ምን ብዬ ልናገር?» አለች። «ጥሏት የሄደው ባሏ መርዝ ትቶላት ሄደ ይበሉኝ? ውሃ ስቀዳ እስከ ዛሬ የሚሉኝ አንሶ? ያንቺ አባት እንደሆነ ይመጣል እያልኩ ነው በዚህ መንደር አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄደው። ይህን ከተናገርሽ በምን ቀና እላለሁ?»

«አባንግስ ውሃ ከየት ትቀዳለች?»

«ወንዝ አለ።»

ወንዙ ሩቅ ነው፤ አዞም አለበት። እማዬ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አንተም ታውቃታለህ። ከዚያ በኋላ በቆሎውን መፈልፈል ቀጠለች፤ እኔም ቀጠልኩ። 

አባዬ፣ በክፋት እንዳላደረግኸው አውቃለሁ። ዕቃው እንዳይበላሽብን ብለህ ነው። ግን አንድ ቃል ብትተውልኝ ምን ነበረበት? «እሙዬ፣ ይህን ሳጥን እንዳትነኪ» ብትለኝ ኖሮ አልነካውም ነበር። በሄድክበት ቀን እስከ መኪናው ድረስ ዕቃህን ይዤልህ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ብዙ አወራኸኝ፣ ይህን ግን አልተናገርክም። ሌሎች ያልተናገርካቸውም ነገሮች ነበሩ፤ እነሱን ከሰው ሰማን። እኔ የምታደርገውን ሁሉ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስብ የምደነግጠው በዚህ ነው። በንቦቹ ብቻ አይደለም።

ጋሽ ከፈለ ራሱ ሲያስተምረኝ እንዲህ ብሎኝ ነበር፤ በሽታ ጣውላው ላይ ስለሚቀመጥ እሳት ይገድለዋል፤ የትል መድኃኒት ግን ጣውላው ከጠጣው ወዲያ እሳትም አመድም አያወጡትም። ለጨዋታ ነው የነገረኝ፤ የፋቅነው ሳጥን ያንን እንደጠጣ እሱም አያውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፓምፑ ጋ አባንግን አየኋት። ሴቶቹ ጀሪካኗን ከሰልፉ ፊት ወደ ኋላ ገፉት። አንዷ «ያንቺ ተራ ከነገ ወዲያ ነው» ስትላት ሌሎቹ ሳቁ። አባንግ ጀሪካኗን አነሳችና በእኔ በኩል አለፈች።

«አንተም ቅጠል አሸህ» አለችኝ። «አንተ ለምን አልሞትክም?»

ልትስቅ ነበር መሰለኝ፤ ግን አልሳቀችም። መልሱን አውቀዋለሁ። ራሴን ደፍቼ ውሃዬን ቀዳሁ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም። ሰው ሲያየኝ የማፍረውን ማፈር ታውቀዋለህ፤ ይኼ ሌላ ነው። የሚያየኝ ሰው በሌለበትም አልሄደልኝም።

ጊዜው እየሄደ ነው፤ እማዬ የጦጣ ወንጭፏን ይዛ ልትመጣ ነው። እዚያ ቤት ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እዚያ የተወለደልህ ሕፃን ወንድ መሆኑን ከደሴ የመጡ ነጋዴዎች ነግረውናል፤ ስሙን ግን አላወቁትም። እማዬ የሰማች አልመሰለችም፤ ወጧን ማማሰሏን አላቆመችም። እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ። ለአንተም ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ያረስከውን በረዶ አይምታብህ፣ የአባቶችህ አገር አየር ይስማማህ። እኛንም በጸሎትህ አስበን።

ነገ ቅዳሴ ሳይወጣ አባንግ ቤት እሄዳለሁ። ለሽማግሌዎቹ ከመናገሬ በፊት እሷ ልትሰማው ይገባል። ከዚያ ወደ ስብሰባው አብረን እንመጣለን፤ ብቻዋን ሰው መሐል አትገባም። ጋሽ ከፈለ ተናግሮ እስኪጨርስ አልጠብቅም፤ ከጠበቅሁ እፈራለሁ። «አንቺ ልጅ ምን አገባሽ» ይሉኝ ይሆናል። ድምፄም ይጠፋ ይሆናል፤ ከጠፋ እስኪሰሙኝ ደግሜ እናገራለሁ። እማዬም እዚያ ትኖራለች። ከተናገርኩ በኋላ ሄጄ አጠገቧ እቆማለሁ፤ ብትገፋኝም እቆማለሁ። ቀፎውን የቀባው ማን ነው ሲሉኝ ስምህን እጠራለሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ልጅህ
እሙዬ ወንዳፍራሽ